ሸማ ስንገዛና ኮሌጅ ስንመርጥ

በመርካቶ ተራዎች መካከል ቆሞ የገዢን ጠባይ የተመለከተ ሰው፣ የአገራችን ሕዝብ በገንዘቡ ላይ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደ ሆነ በቶሎ ይረዳዋል። በሸማ ተራ አንድ ጋቢ ሊገዛ የመጣ ሰው በደጅ ከተሰቀለው አይጀምርም። ከእጥፉ አስፈትቶ ወደ ብርሃን ከፍ ያደርገዋል፤ ድሩ የሳሳ፣ ማጉም የላላ እንዳይሆን በጣቱ ይዳስሰዋል፤ የጥለቱ ቀለም የሚለቅ መሆን አለመሆኑን ጠርዙን አሽቶ ይመረምራል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋውን ሰምቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ሱቅ ይሄዳል። በበርበሬ በረንዳም ነገሩ እንዲሁ ነው። እመቤቲቱ ዛላውን ሰብራ ፍሬውን ሳታይ፣ ሽታውን ሳትለይ፣ ውሃ ተረጭቶበት ሚዛን የሚያነሣ አለመሆኑንም ሳታረጋግጥ ከመቀነቷ ገንዘብ አትፈታም።

ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው የልጁን ዕድሜ አራት ወይም አምስት ዓመት አውጥቶ የሚሰጥበትን ኮሌጅ በሚመርጥበት ጊዜ ጥንቃቄውን ሁሉ በሱቁ ደጃፍ ትቶ ይሄዳል። በፎቁ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ሰሌዳ ያነባል፤ ጐረቤቱ ልጁን ወዴት እንደ ሰደደ ይጠይቃል፤ ካባ ለብሰው ቆብ የደፉ ተመራቂዎችን ሥዕል ይመለከታል፤ በዚህም ይወስናል። ጋቢ ቢበላሽ በሚመጣው ዓመት ሌላ ይገዛል። የጐልማሳነት መጀመሪያ የሆነው ዘመን ግን አንድ ጊዜ ከባከነ በየትኛውም ተራ ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ ጕዳይ የምናውቀውንና በዘመዶቻችን ቤት ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ብናካፍል ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል።

አባቶቻችን ይህ ጭንቀት አልነበረባቸውም፤ ምክንያቱም የሚመርጡት ነገር ጥቂት ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ፣ የነበረው ጥያቄ ልጅን ወደ ዘመናዊ ትምህርት መስደድ ይገባልን ወይስ አይገባም የሚል እንጂ፣ ወዴት እንስደደው የሚል አልነበረም። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። የጠላት ወረራ ካለፈ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት፣ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈቱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ሥራውን ጀመረ። ይህ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተጣምሮ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ይጠራል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው፤ የግል ኮሌጆች ሲጨመሩበት የምርጫው ብዛት እንደ መርካቶ መንገድ የሚያደናግር ሆኗል።

መርካቶም ራሷ ሁልጊዜ በዛሬው ቦታዋ አልነበረችም። ቀድሞ የከተማው ታላቅ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ ስሙም ገበያ ከሚለው ከቋንቋቸው ቃል የቀረ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕፃናት ከየአውራጃው መጥተው በዚህ ስፍራ ጫማ በመጥረግ፣ ዕቃ በመሸከምና በሱቅ በመላላክ ጀምረው፣ ከሚዛኑ አጠገብ ቆመው ንግድን ተምረዋል። ዛሬ ግን የእነዚያ ሰዎች ልጆች አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽመው የአባታቸው ሚዛን ያላስተማራቸውን ትምህርት ይፈልጋሉ። ከሱቆቹ በላይ ባሉት ፎቆችም የኮሌጅ ሰሌዳዎች ተደርድረው ይጠብቋቸዋል።

የእኅታችን ባለቤት በሸማ ተራ ሱቅ ያላቸው፣ በዕድሜ ከእኛ የሚበልጡ፣ በሥራቸውም የተመሰገኑ ሰው ናቸው። ሁለት ልጆች ለከፍተኛ ትምህርት ደርሰውላቸው ነበር። ታላቁ ወንድ ልጅ የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት አንዱ ነበረ። ያ ፈተና ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈተኑት ሁሉ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጁ ከእነዚህ መካከል አልነበረም። እኅቱ በሚመጣው ዓመት ተፈተነች፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ያለፉት 3.2 በመቶ ነበሩ፤ እርስዋም ከእነዚሁ አንዷ ሆነች። ለአንባቢ እንዲታወቅ ያህል፣ ቍጥሩ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል።

ልጂቱ በማለፏ ቤቱ ተደሰተ፤ የተመደበችው ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ሲሰማ ግን ደስታው ወደ ምክክር ተለወጠ። አባት፦ «ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ልጂቱም ከቤት ወጥታ አታውቅም፤ ከሱቃችን በእግር በሚደረስበት ፎቅ ላይ ኮሌጅ እያለ ለምን ትሰደዳለች?» አሉ። እናትም የዕቁብ ዕጣ ደርሷት ስለ ነበረ፣ ገንዘቡን ለዚሁ ኮሌጅ ክፍያ ልታውለው አሰበች። እኛ በተጠራን ጊዜ እኅታችን፦ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ የጽሕፈት ሰው ነህ፤ ሄደህ እይልን» አለችን። እኛም ሸማ እንደሚገዛ ሰው ሆነን ልናይ ሄድን።

የኮሌጁ ስም በዚህ ጽሑፍ አይነሣም። በጽሕፈት ቤቱ የተቀበለን ሰው ትሑት ነበር፤ ሻይ አዘዘልን፤ የምረቃ ሥዕሎችንም አሳየን። እኛ ግን ሦስት ነገሮችን ጠየቅነው። መጀመሪያ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚህ ትምህርት፣ ለዚህ ደረጃና ለዚህ ቅርንጫፍ የሰጠውን የዕውቅና ፈቃድ እንድናይ ለመንነው፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ትምህርትና ለእያንዳንዱ ስፍራ ለየብቻ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛ፣ በመውጫ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎቹ ስንቱ እንዳለፉ ጠየቅነው። ሦስተኛ፣ ሒሳብ አያያዝ የሚያስተምሩት መምህራን ስንት እንደ ሆኑና ከእነርሱ ውስጥ ውሎአቸው በዚያው ኮሌጅ የሆነው ስንቱ እንደ ሆኑ ጠየቅነው። ሰውየው ወረቀቱ በዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚገኝ ነገረን። በማግሥቱም ተመልሰን መጣን፤ አሁንም በዋናው መሥሪያ ቤት ነበረ። ቤተ መጻሕፍቱን እንድናይ ብንጠይቅ ቍልፉ የያዘው ሰው የለም ተባልን። ሸማ ሻጭ ሸማውን ከእጥፉ አልፈታም ካለ፣ ገዢ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። እኛም አመስግነን ወጣን።

ይህን ያህል የመረመርነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ ቀደም በሰፈራችን የሚኖር የአንድ ባለሱቅ ልጅ፣ ስሙን በማንጠራው በሌላ ኮሌጅ ቅርንጫፍ ሦስት ዓመት ከፍሎ ተምሮ ነበር። ሊመረቅ ሲል ያ ቅርንጫፍ ለዚያ ትምህርት ፈቃድ እንደሌለው ታወቀ። አባትየው በየመሥሪያ ቤቱ ሲመላለሱ ጫማቸው አለቀ እንጂ፣ ልጁ የተማረበት ዘመን የሚቈጠርለት አልሆነም። ወረቀቱን መጠየቅ አምስት ደቂቃ የሚበቃው ነገር ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን አፍስሶ መልቀም እንኳ አይገኝም።

ስለ መውጫ ፈተና የጠየቅነውም ስለዚህ ነው። ይህ ፈተና በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚመረቁ ሁሉ የተደነገገውና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ነው። በዚያን ጊዜ ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች ያለፉት 48,632 ነበሩ፤ ይኸውም 62.36 በመቶ መሆኑ ነው። ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ተማሪዎች ግን ያለፉት 12,422 ብቻ፣ ማለት 17.2 በመቶ ነበሩ። ይህን ቍጥር ለእኅታችን ባለቤት ባነበብንላቸው ጊዜ፣ እንደ ነጋዴ ልማዳቸው ጥቂት በልባቸው አስልተው፦ «እንግዲህ ከስድስት ልጆች አንዱ ብቻ ነው በለኛ» አሉ። አዎን አልናቸው።

ነገር ግን ፍርድ እንዳናጓድል ሁለት ነገር ጨምረን ነገርናቸው። አንደኛው፣ የግል ኮሌጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህ ቍጥር የብዙ ኮሌጆች ድምር ነው፤ ብርቱዎቹም ደካሞቹም በአንድ ሚዛን ላይ ወጥተውበታል። በዚያው ሳምንት በከተማው በሌላ በኩል ወደሚገኝ የግል ኮሌጅ ሄደን ያንኑ ሦስት ጥያቄ ብንጠይቅ፣ ፈቃዱን ወዲያው አውጥተው አሳዩን፤ ያለፉትንና የወደቁትንም ተማሪዎች ቍጥር በየትምህርቱ ለይተው፣ መልካሙንም መጥፎውንም ሳይሸሽጉ ነገሩን። ክፍያው ከፍ ያለ ነበር፤ የሚሸጠውን ዕቃ የሚያውቅ ሻጭ ግን ከዋጋው ላይ አያፍርም። ሁለተኛው፣ ከመንግሥት ተቋማትም ከመቶው 38 የሚሆኑት ወድቀዋል። የወደቀ ተማሪ ደግሞ መፈተን የሚችል ቢሆንም፣ በታላቅ በር መግባት ብቻውን በታላቅ በር ለመውጣት ዋስ እንደማይሆን ከዚህ እንማራለን።

አባት ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ቍጥሩን ተቀበሉ፤ ርቀቱን ግን ገና አልተቀበሉም ነበር። በዚያን ምሽት ልጂቱ ቡና ስታቀርብ ዐይኗን ሳታነሣ፦ «አባባ፣ እርስዎ ከአገር ቤት ወደ መርካቶ ሲመጡ ስንት ዓመትዎ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ዐሥራ አራት» አሉ። «ማን አብሮዎት መጣ?» አለች። እርሳቸው መልስ አልሰጡም፤ ቡናቸውን ጠጡ። በሦስተኛው ቀን የልብስ ሣጥን ገዝተው ወደ ቤት መጡ።

ሐዋሳን ስንመክር በርቀቱና በስሙ ብቻ አልመከርንም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በተልእኮ ተለይተው ስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ሲባሉ፣ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ከመቀሌ፣ ከአርባ ምንጭና ከሐረማያ ጋር ከእነዚህ አንዱ ነው። ከዚህም ይልቅ ያየነው የልጂቱን ዝንባሌ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ማንም ሳያዝዛት የሱቁን የዱቤ መዝገብ እየገለጠች ቍጥር ትደምር ነበር። ወላጅ የልጁን ዝንባሌ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻውም፤ ሳይታዘዝ የሚሠራውን ሥራ ማየት ይበቃዋል። ዘመዶቻችን ግን፦ «ይህን ያህል ውጤት ይዛ ሕግ ተምራ ዳኛ ትሁን እንጂ ሒሳብ ምን ያደርግላታል?» ይሉ ነበር። ውጤት እንደ ገንዘብ ነው፤ ብዙ ስላለን ብቻ የማንለብሰውን ልብስ አንገዛበትም።

ስለ ታላቁ ወንድሟም ሳንናገር ብናልፍ ነገሩ ጐደሎ ይሆናል። እርሱ የፈተናው ውጤት በተነገረ ጊዜ ወደ ተግባረ ዕድ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ ሊማር ቈረጠ። አባቱ በልባቸው አዘኑ፤ ሰውም ሲጠይቃቸው «ኮሌጅ ነው» ብለው በዚያው ያልፉ ነበር እንጂ ምን እንደሚማር አይናገሩም ነበር። እኛ ግን የሚያሳፍር ነገር አላገኘንበትም። ይህ ትምህርት ቤት ከላይ እንደ ተናገርነው በዕድሜው ከዩኒቨርሲቲው ይቀድማል። አገር ከጦርነት በወጣችበት በዚያ ዘመን ሌላ ብዙ የሚሠራ እያለ አስቀድሞ መከፈቱ፣ ያለ እጅ ሥራ አገር እንደማይቆም የተረዱ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ልጁ ትምህርቱን ፈጽሞ ዛሬ በሶማሌ ተራ የመኪና መሣሪያ በሚሸጥበት አካባቢ ይሠራል። አሮጌውን መሣሪያ ፈትቶ የሞተውንና የሚድነውን መለየት ስለ ተማረ፣ ከእርሱ በፊት በልምድ ብቻ የሠሩት ሰዎች ሳይቀሩ ይጠሩታል። አባቱም ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ደንበኛቸው መኪናው በደጅ ቆሞ ሲቸገር፦ «ልጄ ያየዋል» ሲሉ በጆሮአችን ሰማን። ትክክለኛ ኮሌጅ ማለት ከሁሉ የሚበልጠው ኮሌጅ ሳይሆን፣ ለዚህ ልጅ የሚሆነው ኮሌጅ ማለት መሆኑን ከዚህ ቤት ተምረናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንመለስ፤ እርሱም ከተገባ በኋላ ያለው ትጋት ነው። መልካም ሸማ ተገዝቶ በሣጥን ቢቀመጥ ብል ይበላዋል። ኮሌጅም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው ካልተጠቀመበት ከደጅ ሆኖ ከሚያየው ሰው አይሻልም።

ልጂቱ ከመሄዷ በፊት በመጀመሪያ የነገርናት ስለ መጀመሪያው ዓመት ነው። ብዙ ተማሪዎች ከብሔራዊው ፈተና ድካም በኋላ የመጀመሪያውን ዓመት የማረፊያ ዓመት ያደርጉታል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው ትምህርት ለሁሉ የጋራ ሲሆን፣ የትምህርት ክፍል የሚደለደለው በዚያ ዓመት በተገኘው ውጤት ነውና። በዚያ ዓመት የተኛ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት ሌሎች መርጠው የተረፈውን ይወስዳል። እርስዋም በዚያ ዓመት ስለ ተጋች የፈለገችውን የሒሳብ አያያዝ ክፍል አገኘች።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። በአገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ተማሪ ትምህርቱን ሳይሆን ቋንቋውን ሳያውቅ ቀርቶ ይወድቃል። በየቀኑ ሁለት ገጽ ድምፅ አሰምታ እንድታነብ፣ ያላወቀችውን ቃል በደብተር እንድትጽፍ፣ በሳምንቱም መጨረሻ ያነበበችውን በራስዋ ቃል በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንድትናገር መከርናት። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ለውጡ የሚታወቀው በወር ሳይሆን በዓመት ነው።

ሦስተኛው መጠየቅ ነው። የእኛ አገር ልጅ በጨዋነት ስም ዝም ማለትን ይማራል። በመምህር ፊት ዝም ማለት ግን በሱቅ ፊት ለፊት ቆሞ የሚፈልጉትን ዕቃ አለመናገር ነው፤ ባለሱቁ አውቆ አያወጣውም። መምህሩ በቢሮው በሚገኝበት ሰዓት ሄዶ፣ በአክብሮት፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ አንድ ጥያቄ መጠየቅ በክፍል ውስጥ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ ይበልጥ የሚያስተምርበት ጊዜ አለ።

አራተኛው ባልንጀራ መምረጥ ነው። በዚህ ነገር ዶክተር መላኩ በያንን ማስታወስ ይገባል። እርሳቸው በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ከተማሩ በኋላ የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙት የጥቍር አሜሪካውያን ታላቅ ትምህርት ቤት በሆነው በዋሽንግተኑ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያም ከሐኪምነት ወረቀት የሚበልጥ ነገር አተረፉ። ከታሪክ መምህሩ ከዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ጋር ተዋውቀው፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1934 በዚያው ከተማ ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ጉባኤ ሲቋቋም አብረው ሠሩ፤ አገራችን በተወረረች ጊዜም በኒው ዮርክ በ1937 የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር ለማቋቋም በቁ። ትምህርት ቤቱ ዕውቀት ሰጣቸው፤ ባልንጀርነቱ ደግሞ ለአገራቸው በክፉ ቀን የሚቆም ወዳጅ ሰጣቸው። ተማሪ ከጥናት ጓደኞቹ ጋር እንደ ዕቁብተኛ ሊሆን ይገባዋል፤ ዛሬ አንዱ ያወቀውን ለሁሉ ያወጣል፣ ነገ ደግሞ ተራው የሌላው ይሆናል።

አምስተኛው፣ የተማሩትን በዐይን ከሚታየው ኑሮ ጋር ማገናኘት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሊቅ ነበሩ። በ1964 በፈረንጆች አቈጣጠር በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመረምሩ ግን ነገሩን ያስተዋሉት በወንዝ ዳር ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ሴቶች እንዶድን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ አክሊሉም ቀንድ አውጣውን ያውቃሉ፤ ሁለቱ ዕውቀት በተገናኘ ጊዜ ለድኃ አገር የሚሆን መከላከያ ተገኘ። ስለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የተማረ ሰው ልብስ አጣቢዋን የሚንቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ዕውቀት በወንዙ ዳር በቀረ ነበር።

የእኅታችን ልጅም በአቅሟ ይህን አድርጋለች። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ለክረምት ዕረፍት ስትመጣ፣ የአባቷን የዱቤ መዝገብ በተማረችው ሥርዓት እንድትጽፈው ፈቃድ ለመነች። በሸማ ተራ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ በዱቤ ይወስዳሉ፤ አባቷም የሰውን ዕዳ በደብተር ከመጻፋቸው ይልቅ በልባቸው መያዛቸው ይበልጥ ነበር። እርስዋ እያንዳንዱን ደንበኛ በየገጹ ለይታ፣ የወሰደበትንና የከፈለበትን ቀን ጻፈች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ያልተከፈለው ዱቤ ስንት እንደ ሆነ ታወቀ፤ ብዙ የሚወስዱት ሰዎች ሁሉ መልካም ደንበኞች አለመሆናቸውም ተገለጠ። አባት መዝገቡን ለረዥም ጊዜ ተመልክተው፦ «ይህን ሁሉ ዓመት ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ ለካ ሱቁ ነው እኔን የያዘኝ» አሉ። ያን ጊዜ የሐዋሳ መንገድ አጭር ሆነላቸው።

የቀረው የወላጅ ድርሻ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋ ስለ ሆነ በግልጥ እንናገረዋለን። ተማሪን በየሠርጉና በየለቅሶው ከትምህርቱ መጥራት አይገባም፤ የቅርብ ዘመድ ኀዘን ካልሆነ በቀር ቤተ ዘመድ ይቅር ሊል ይገባዋል። ስልክ ሲደወልም ስለ ውጤት ብቻ የሚጠየቅ ልጅ ውጤቱ በተበላሸ ጊዜ መሸሸግን ይማራል፤ ስለዚህ ምን እንደ ተማረ፣ ማንን እንደ ተዋወቀ፣ ምን እንደ ከበደው ይጠየቅ። ወጪው በወሩ መጀመሪያ ቀን ሳይዘገይ ይላክለት፤ ተርቦ የሚያጠና ልጅ ከመጽሐፉ ይልቅ በሩን ያያል። ሴት ልጅም እንደ ሆነች፣ ትምህርቷን ሳትፈጽም የጋብቻ ሽማግሌ አይቀበሉባት። መልካም ባል አራት ዓመት ይጠብቃል፤ የማይጠብቅ ከሆነ ስለ ጠባዩ አስቀድሞ ነግሮናል ማለት ነው።

እኅታችን ለኮሌጅ ልታወጣው የነበረውን የዕቁብ ገንዘብ አላባከነችውም። ከፊሉ ለወንድ ልጇ የሥራ መሣሪያ መግዣ ሆነ፤ ከፊሉም በልጂቱ ስም በባንክ ተቀመጠ። ልጂቱ ይህን ስንጽፍ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ የመውጫ ፈተናው ገና ከፊቷ ነው፤ ታልፈዋለች ብለን እንናገር ዘንድ ነቢያት አይደለንም። ወደፊት የሚመጣውን ማወቅ ባንችልም መጠየቅ ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ ወላጆች ሁሉ፣ ለልጆቻችሁ ኮሌጅ ስትመርጡ ፈቃዱን በዐይናችሁ እዩ፤ ያለፉትንና የወደቁትን ቍጥር ጠይቁ፤ ከመምህራኑ አንዱን አነጋግሩ፤ በቤተ መጻሕፍቱም ውስጥ ጥቂት ተቀመጡ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ልጃችሁን በጸጥታ አስቀምጣችሁ ምን መሆን እንደሚወድ ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት።